«እርጎው አልረጋ አለኝ»

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ። ሰበታ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ባለቤቴ ሹፌር ነው። ከእሱ ደመወዝ ሌላ ቤታችንን የሚደጉሙት ሁለት ድቅል ላሞቼ ናቸው። በቀን ዘጠኝ ዘጠኝ ሊትር ይሰጡኛል፤ ሊትሩን በ90 ብር ለጎረቤት እሸጣለሁ። ዐሥራ አንድ ደንበኛ አለኝ።

ከሦስት ሳምንት በፊት የአንዷ ላም አንድ ጡት አበጠና ወተቱ እየተቋጠረ መውጣት ጀመረ። ሐኪም ጠራሁ። ሦስት ቀን መርፌ ወጋት፤ በጡቷ ቀዳዳ የሚገባ መድኃኒትም ሰጣት። ሲጨርስ ‹ከዛሬ ጀምሮ አራት ቀን ቆጥረሽ እስኪያልፍ ወተቷን ለሰው እንዳትሰጪ› አለኝ። የታመመውን ጡት ወተት ደፋሁ። የሦስቱን ጤነኛ ጡት ግን ከሌላዋ ላም ወተት ጋር እየቀላቀልኩ ሸጥኩ። የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ ደርሶብኝ ነበር። ባለቤቴም ‹ሰው አፍልቶ አይደል የሚጠጣው? ምን ይሆናል?› አለኝ። ሰፈራችን ውስጥ ላም ያለው ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

በሁለተኛው ቀን አንዷ ደንበኛዬ ‹ምን ሆኖ ነው እርጎው አልረጋ ያለኝ?› ብላ ጠየቀችኝ። ‹ብርዱ ነዋ፤ ቅሉንም በደንብ አላጠንሽው ይሆናል› ብዬ መለስኩላት። ይቺ ሴት የዓመት ከሁለት ወር ልጅ አላት፤ ወተቱን የምትወስደው ለእሱ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ዓይኗን ማየት አቃተኝ። ላሟ አሁን ድናለች። ነገሩ አልፏል ብዬ ልተወው ወይስ ልንገራት? ብነግራት ወሬው ሰፈሩን ይሞላዋል፤ እንጀራዬ ይዘጋል። ደግሞ አንዲት ጎረቤቴ የከሰርሽውን ትተኪበታለሽ ብላ ለላሞቼ መኖ የሚሆን ትንሽ ሻገት ያለ ፋጉሎ (ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው) በግማሽ ዋጋ አግኝታልኛለች። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቱንም ጊዜ ዓይኔ የቆመው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ «ቅሉንም በደንብ አላጠንሽው ይሆናል» ያልሻት ላይ። ስለ ገንዘቡም፣ ስለ ባለቤትሽም፣ ስለ ፋጉሎውም እመልስልሻለሁ። መጀመሪያ ግን እርጎው ለምን ሳይረጋ እንደቀረ እንነጋገር።

ወተት ዝም ብሎ አይረጋም። የሚያረጉት በቅሉ ውስጥና በእርሾው ውስጥ ያሉ፣ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። የወተቱን ስኳር እየበሉ ያኮመጥጡታል፤ ሲኮመጥጥ ይረጋል። ፔኒሲሊንና መሰሎቹ ደግሞ የላምሽን ጡት ያሳበጠውን ተህዋስ እንደሚገድሉት ሁሉ እነዚህንም ይገድላሉ። ክፉውን ከደጉ አይለዩም። የእርጎ ባክቴሪያዎች በተለይ ለፔኒሲሊን በጣም ስስ ናቸው፤ ጥቂት ቅሪት ሥራቸውን ያስቆማል። የወተት ፋብሪካዎች ወተት ሲረከቡ የመድኃኒት ቅሪት መኖሩን ከሚመረምሩባቸው መንገዶች አንዱም ይኸው ነው። ባክቴሪያ ይጨምሩበትና ያድግ እንደሆነ ያያሉ። ደንበኛሽ ሳታውቀው ይህን ምርመራ በቅሏ ሠርታልሻለች።

ብርድም እርጎ ያዘገያል፤ አልክድም። የዚያን ቀን ምክንያቱ ብርዱ ሊሆን ይችላል። ግን መርፌውን የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ እሷ የምታውቀው ቅሏን ብቻ ነው። ያን ዕለት ማታ ቅሏን እንደገና አጥባ፣ ወይራ ፈልጋ፣ ዳግመኛ አጥናው ይሆናል። በባለሙያነቷ ተጠራጥራ ይሆናል። ዓይኗን ማየት ያቃተሽ በዚህ ይመስለኛል፤ ከወተቱ ይልቅ መልሱ ነው ያሳፈረሽ። ማፈርሽ ደግሞ ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር በሁለተኛው ቀን ይረሳዋል፤ አንቺ ሦስት ሳምንት ሙሉ ተሸክመሽው ደብዳቤ ጻፍሽ።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ጥያቄ። ክፉ ሰው ስለሆነ የተናገረው አይመስለኝም። እናቶቻችን «አፍልተሽ አጠጪው» ብለው ያሳደጉን በደንብ ምክንያት ነው። ጥሬ ወተት የከብት ሳንባ ነቀርሳንና ብሩሴሎሲስን ወደ ሰው ያስተላልፋል፤ ማፍላት ሁለቱንም ይገድላል። ስለዚህ ለደንበኞችሽ «አፍሉት» ማለትሽን እንዳትተዪ። መድኃኒት ግን ሕይወት የለውም፤ እሳት አይገድለውም። ቤት ውስጥ በምናፈላው መጠን ፔኒሲሊኑም ሌላውም አብዛኛው እንዳለ ይቀራል። ንጦ ቅቤ ማውጣት ወይም አይብ ማድረግም መፍትሔ አይደለም፤ መድኃኒቱ በቅቤና በአይብ፣ በአጓትና በአሬራ ይከፋፈላል እንጂ አይጠፋም።

«የሦስቱን ጤነኛ ጡት» ያልሽውም እንዲሁ ነው። ብዙ ላም አርቢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አንቺ ብቻ አይደለሽም። በጡንቻ የተወጋ መድኃኒት በደም ዞሮ አራቱንም ጡት ይደርሳል። በአንዱ ጡት ቀዳዳ የገባውም ከዚያ ተመጥጦ ወደ ደም ሊገባ ይችላል። ሐኪሙ «ወተቷን» ያለሽ የአንዱን ጡት ማለቱ አልነበረም፤ የላሟን ወተት ሁሉ ነው። አራት ቀን ማለቱም ከመጨረሻው መድኃኒት በኋላ ነው፤ መድኃኒቱ የሚሰጥባቸው ሦስት ቀናት በላዩ ይጨመራሉ። የቀኑ ብዛት እንደ መድኃኒቱ ይለያያል። ሦስት ቀን የሚበቃው አለ፤ ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚፈልግም አለ። ዕቃው ላይ ይጻፋል፤ ሐኪሙ ሳይነግርሽ እንዳይሄድ።

ጉዳቱን ላጋንንብሽ አልፈልግም። ጤነኛ ሰው አንድ ሳምንት እንዲህ ያለ ወተት ቢጠጣ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይታይበትም። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ግን አለ፤ ሰውነቱ ሽፍ ሊል፣ ፊቱ ሊያብጥ፣ ሲብስም ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። ከዐሥራ አንዱ ደንበኞችሽ ማንኛው እንደዚያ እንደሆነ አንቺም እኔም አናውቅም። ሌላው ጉዳት ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። ፔኒሲሊንን እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ባደረገው ንግግር ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነበር። ተህዋስ ሊገድለው የማይችል ጥቂት መድኃኒት ሲያገኝ ይለምደዋል፤ ከለመደው በኋላ ሙሉው መጠን ቢሰጥም አይሞትም። ለዚህ ነው ነገሩ የሚያስጨንቀኝ። ያ ሕፃን ከርሞ ሳንባ ምች ቢይዘው፣ እናቱ ጤና ጣቢያ ስትወስደው የሚሰጠው አሞክሲሲሊን ነው። አሞክሲሲሊን የፔኒሲሊን ዘመድ ነው። በላም ጡት በኩል እየተንጠባጠበ ሆዱ የገባው መድኃኒትና ነገ ነፍሱን እንዲያተርፍለት የምንፈልገው መድኃኒት አንድ ቤተሰብ ናቸው።

የአንቺ ሰባት ቀን ብቻውን ይህን ያመጣል አልልሽም። «ላም ያለው ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው» ያልሽው ግን አጽናኝ ቃል መስሎ ታይቶሽ ከሆነ፣ ለእኔ የሚያስፈራው እሱ ነው። ሁሉም ካደረገው ልጁ የሚያገኘው ሰባት ቀን መሆኑ ይቀርና ዓመቱን ሙሉ ይሆናል፤ ዛሬ ከአንዱ ቤት ላም፣ ነገ ከሌላው።

ወተት ላይ ውሃ የጨመረን ሰው መለኪያ ያጋልጠዋል፤ ልምድ ያላት እናትም በምላሷ ታውቀዋለች። የመድኃኒት ቅሪት ግን ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው። እኔ ለልጆቼ ወተት ስገዛ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ላሟን ሄጄ አይቼ አላውቅም። የማየው የሴትዮዋን ፊት ነው። ጣሳዬን ስዘረጋ «ደህና ነው» ማለቷን አምኜ ነው። ደንበኞችሽም እንዲሁ ናቸው። ከደንበኞችሽ ሙስሊም ካለ ስለ ኸሊፋው ዑመር የሚተረከውን ሳይሰማ አይቀርም። ሌሊት ከተማውን ሲቃኙ አንዲት እናት ልጇን «ወተቱ ላይ ውሃ ጨምሪበት» ስትላት ሰሙ። ልጅቷ «ኸሊፋው ከልክለዋል» ስትል እናትዬው «እዚህ እሳቸው የት ያዩናል?» አለች። ልጅቷም «እሳቸው ባያዩን ጌታቸው ያየናል» ብላ እምቢ አለች። ዑመር ያቺን ልጅ ለልጃቸው ዳሯት ይባላል። በሕግም ብትሄጂ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለጤና ደህንነቱ ያልተጠበቀ ምግብ መሸጥን ይከለክላል። አንቺ ግን የጻፍሽልኝ ሕግ ፈርተሽ አይመስለኝም።

ስለዚህ መልሴ «ንገሪያት» ነው።

መጀመሪያ ለባለቤትሽ። ተደብቀሽ ብትነግሪ ነገ ደንበኛ ሲቀር በሁለታችሁ መካከል ሌላ ነገር ይነሣል። የእሳቱንና የመድኃኒቱን ነገር አስረጂው፤ ሲረዳው የሚስማማ ይመስለኛል። ባይስማማም ከመናገር እንዳትቀሪ። ቀጥሎ የሕፃኑ እናት ዘንድ፣ ቤቷ ድረስ ሂጂ። ወተት ልትወስድ ስትመጣ በር ላይ፣ ሌላ ደንበኛ ቆሞ እየሰማ አይሁን። ስልክም አይሁን። ነገሩን አታድበስብሺው። «ላሜ ታማ መድኃኒት ተወግታ ነበር። ሐኪሙ እንዳልሸጥ ነግሮኝ ሳለ ሸጥኩልሽ። እርጎሽ ያልረጋው በዚያ ሊሆን ይችላል፤ በቅልሽ ማሳበቤ ስህተት ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ» በያት። በመሀል «ግን እኮ የትምህርት ቤት ክፍያ...» እንዳትዪ። እውነት ነው፤ ለእኔ ነግረሽኛል፣ ገብቶኛል። እሷ ፊት ግን ምክንያት ስትደረድሪ ይቅርታው ይጠፋል።

ስለ ልጁ ጠይቂያት። በዚያ ሰሞን ሽፍ ብሎት፣ ፊቱ አብጦ ወይም ተቅማጥ ይዞት እንደሆነ ጤና ጣቢያ ወስዳ ነገሩን ለባለሙያው ትንገር፤ ወደፊት ፔኒሲሊን ሊሰጡት ሲሉ ማወቅ ያለባቸው ነገር ነው። ምንም ካልሆነ ደግሞ አታስደንግጫት፤ ላሟ ከዳነችና ቀኑ ካለፈ የአሁኑ ወተት ደህና ነው። በቀን አንድ ሊትር ከሆነ የምትወስደው የሰባት ቀኑ 630 ብር ነው። ወይ ገንዘቡን መልሽላት፣ ወይ ያን ያህል ወተት በነፃ ስጫት፤ ምርጫው የእሷ ይሁን። ለሌሎቹ ዐሥር ደንበኞችሽም በአንድ ሳምንት ውስጥ ተናገሪ። ለእነሱ ሁሉን በአንድ ጊዜ መመለስ እንደማትችዪ አውቃለሁ፤ በየሳምንቱ አንድ አንድ ሊትር እየጨመርሽ ልትክሺ ትችያለሽ።

ደንበኛ አይሄድብሽም ብዬ አልዋሽሽም። አንድ ሁለት ሊሄዱ ይችላሉ፤ የሚያኮርፍም፣ ለሌላ የሚያወራም አይጠፋም። የሕፃኑ እናትም ልትቆጣ መብቷ ነው። ብትቆጣ ተቀመጪና ስሚያት።

ገንዘቡን እናስላ፤ ስለ ኑሮ ሳይነሣ ስለ ሕሊና ብቻ የሚመክር ሰው አይጠቅምሽም። ዘጠኝ ሊትር በሰባት ቀን 63 ሊትር ነው፤ በ90 ብር 5,670 ብር። ይህ ለአንድ ቤት ቀልድ አይደለም። ወደዚያ ስህተት የገባሽው ስግብግብ ስለሆንሽ ሳይሆን ይህ ወጪ ድንገት ስለወደቀብሽ ነው። የላም ጡት ግን መታመሙ አይቀርም፤ በተለይ ብዙ በሚታለቡ ድቅል ላሞች ላይ የተለመደ ነው። ስለዚህ ከአሁኑ እንደ ዕቁብ ቁጠሪው። ከሁለቱ ላሞች 18 ሊትር ታገኛለሽ። ከእያንዳንዱ ሊትር ሦስት ብር ለይተሽ ብታስቀምጪ በቀን 54፣ በወር 1,620፣ በአራት ወር 6,480 ብር ይሆናል። አንድ ሙሉ የሕመም ሳምንት ይሸፍንልሻል። በዐቢይ ጾም ክርስቲያን ደንበኞችሽ ሲቀንሱ ሳጥኑ ይሳሳል፤ በፋሲካ መልሰሽ ሙዪው። ያ ገንዘብ የላሟ ነው፤ ለትምህርት ቤትም፣ ለበዓልም እንዳትነኪው።

ከዚያ በላይ የሚረዳሽ ግን ሕመሙን ማራቅ ነው፤ ወጪው ሳሙናና ትዕግሥት ነው። ከማለብሽ በፊት እጅሽን ታጠቢ። ጡቷን በንጹሕ ውሃ አጥበሽ አድርቂ፤ ለእያንዳንዷ ላም የየራሷ ጨርቅ ይኑራት። ከየጡቱ የመጀመሪያውን ጭላጭ በጥቁር ጨርቅ ወይም በጥቁር ሳህን ላይ አልቢው፤ ቋጠሮ ካለው ያኔውኑ ይታይሻል፤ ሳያብጥ ትደርሺበታለሽ። የታመመች ካለች መጨረሻ ላይ እለቢያት። ታልባ እንዳበቃች መኖ ስጫት፤ እየበላች ቆማ ትቆያለች። የጡቷ ቀዳዳ ወዲያው አይዘጋምና ያን ጊዜ እበት ላይ ከተኛች በሽታው በዚያው ይገባል። ላሟ ስትነጥፍም ሐኪሙን አማክሪው፤ በዚያን ጊዜ የሚሰጥ የጡት መድኃኒት አለ። የሚሸጥ ወተት ስለሌለ አትከስሪበትም።

መድኃኒት የተሰጣት ላም እግር ላይ ቀይ ክር እሰሪ። አንቺ ሳትኖሪ ባለቤትሽ ወይም ልጅሽ ቢያልብ እንዳይቀላቅለው ነው። የመድኃኒቱን ስም፣ የተሰጠበትን ቀንና ሽያጭ የምትጀምሪበትን ቀን ደብተር ላይ ጻፊው። ወተቱን ለጥጃውም እንዳትሰጪ፤ በጥጃው ሆድ ያለው ተህዋስም መድኃኒት ይለምዳል። ጉድጓድ ቆፍረሽ ድፊው። ወተት መድፋት እንደ ግፍ እንደሚቆጠር አውቃለሁ፤ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ሲደፋ ማየት እኔንም ያመኛል። ላሟ የተሻላት ቢመስልሽም የታዘዘላትን ሳታስጨርሺ አታቋርጪ። ከገበያ በስማ በለው የተገዛ መርፌም ከቤትሽ አይግባ።

ፋጉሎውን አትግዢው። እዚህ ላይ ምንም ማመንታት የለብኝም። እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ ውስጥ ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮ ጫጩቶች አለቁ። ሲመረመር የገደላቸው የሻገተ የለውዝ ፋጉሎ ሆነ፤ በሻጋታው ውስጥ የተገኘው መርዝም አፍላቶክሲን ተባለ። ይህ መርዝ ጉበት የሚጎዳ፣ ካንሰርም የሚያመጣ ነው። ላም የበላችው እንደሆነ ከፊሉ መልኩን ቀይሮ በወተቷ ይወጣል፤ ማፍላትም አያጠፋውም። ይህ የሩቅ አገር ነገር ብቻ እንዳይመስልሽ። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ከተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ውስጥ ለዚህ መርዝ አውሮፓውያን ካስቀመጡት ገደብ ያላለፉት 9 ብቻ እንደነበሩ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት አሳይቷል፤ መርዙም ከኑግ ፋጉሎ ጋር ተያይዟል። የአንቺ ሰፈር የሚገኘው በዚያው ዙሪያ ነው። ሻጋታውን አራግፎ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቶ መስጠትም አይጠቅምም፤ የሚራገፈው የሚታየው ነው። ደህናውንም ፋጉሎ ከመሬት ከፍ አድርገሽ፣ ዝናብ በማይነካው ቦታ፣ ከግድግዳ አርቀሽ አስቀምጪው። ያቺ ጎረቤትሽ ክፉ አስባ አይመስለኝም፤ አታውቅ ይሆናል። ለላሞቿ እንዳትሰጥ ንገሪያት።

ይህን ደብዳቤ ያነበብሽ ዕለት ማታ፣ ልጆቹ ሲተኙ ባለቤትሽን አናግሪው። ጠዋት አልበሽ ደንበኞችን ከሸኘሽ በኋላ ወደ ሕፃኑ እናት ሂጂ። እሱም ከሥራ ነፃ ከሆነ አብሮሽ ይሂድ። ከላሟ ከአሁኑ ወተት አንድ ሊትር ያዢ፤ በዚያው በእሷ ቅል ታስረጋው።